የተቆፈረ ምድር ወደ ልምላሜው ይመለስ ዘንድ

ላስታ ከጥንት ጀምሮ በቁፋሮ የከበረች ምድር ናት። የላሊበላ ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጻፋቸው ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ፣ ጠራቢዎቹ ከእሳተ ገሞራ የተገኘውን ዐለት ከላይ ወደ ታች እየፈለፈሉ ሕንጻውን ከተራራው ሲለዩት፣ የሚወጣው ፍርስራሽ የሚከመርበትን ሥፍራና የክረምቱ ውሃ የሚወርድበትን ቦይ አብረው ማሰናዳት ነበረባቸው። ዛሬም የሥነ ቅርስ ተመራማሪዎች ያንን የፍርስራሽ ክምር እየመረመሩ የትኛው ክፍል አስቀድሞ፣ የትኛውም ተከትሎ እንደ ተፈለፈለ ለመረዳት ይጥራሉ። ምድርን የሚቆፍር ሰው ከሚያገኘው ሀብት አስቀድሞ ስለሚያወጣው አፈርና ስለሚነካው ውሃ ማሰብ እንዳለበት የላስታ ዐለት ራሱ ምስክር ነው።

በዘመናችን ምድርን የሚፈትሸው መሣሪያ መዶሻና መሮ መሆኑ ቀርቶ፣ በናፍጣ ሞተር የሚሽከረከር፣ በከባድ መኪና ተጭኖ የሚመጣ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመቶና በሺህ የሚቆጠር ሜትር ወደ ታች የሚዘልቅ መቆፈሪያ ሆኗል። ውሃ፣ የምድር እንፋሎት፣ ዘይት፣ ወይም ማዕድን መኖር አለመኖሩን ለማረጋገጥ የሚደረገው እንዲህ ያለው ሥራ የፍለጋ ቁፋሮ ይባላል። ከሌላው ቁፋሮ የሚለየውም መጨረሻው አስቀድሞ ባለመታወቁ ነው፤ ተቆፍሮ ተቆፍሮ ባዶ የሚቀረው ጉድጓድ ከሚሠምረው ብዙ ጊዜ ይበልጣልና። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም ከዚሁ ይነሣል፤ የተሳካለት ጉድጓድ ባለቤት ስላለው ዘወትር ይጠበቃል፣ አጥርና ዘበኛም ይቆምለታል፤ ያልተሳካለት ግን መሣሪያው ተነቅሎ፣ ድንኳኑ ታጥፎ፣ ሠራተኛው ወደየቤቱ ሲሄድ ተመልካች አጥቶ ይቀራል። የምድር ጥገና ጉዳይ እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ የከሸፈው ፍለጋ ዕዳ ነው፤ ይህንንም ዕዳ ለመክፈል ገንዘቡም ፈቃደኝነቱም የሚገኘው ፍለጋው ሳይጀመር፣ ተስፋው ገና ትኩስ በሆነ ጊዜ ብቻ ነው።

በአገራችን የፍለጋ ቁፋሮ የቅርብ ጊዜ ነገር አይደለም። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1945 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በኦጋዴን ዘይት መፈለግ ከጀመረ ወዲህ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ እስከ ተገኘበት ጊዜና ከዚያም በኋላ፣ ብዙ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል በሚገኘው በአሉቶ ተራራ ላይ ከ1981 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ለእንፋሎት ፍለጋ ተቆፍረው፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ሰባት ሜጋ ዋት ገደማ ለሚያመነጭ የኤሌክትሪክ ጣቢያ መነሻ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ለምርት ሳይበቁ ቀርተዋል። በደቡብ ኦሞም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዘይት ፍለጋ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ለንግድ የሚበቃ ነገር ሳይገኝባቸው ተዘግተዋል። ወደ ወሎም ስንመለስ፣ በወረኢሉ አካባቢ ዘይት ከምድር ሲፈልቅ መታየቱ የዓባይን ተፋሰስ የፈላጊዎች ዓይን ማረፊያ አድርጎታል። ከላስታ ደጋ በስተ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ የራያ ቆቦ ሜዳ ይገኛል፤ በዚያ በ1999 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውሃ በጥልቅ ጉድጓድ እያወጣ ለመስኖ እንዲውል ሲሠራ ቆይቷል። ስለዚህ የሰሜን ወሎ ገበሬ መቆፈሪያ ማሽን ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ብዙውን ጊዜም በእልልታ ይቀበለዋል፤ ውሃ ለተጠማ አገር ቁፋሮ በረከት ነውና።

መሣሪያው ምድርን የሚነካበት መንገድ

ቁፋሮ ሲባል ሰው በአሳቡ የሚስለው ያን ጠባብ ቀዳዳ ነው። ይሁን እንጂ ጉድጓዱ ራሱ ስፋቱ ከአንድ እንስራ አፍ ብዙም አይበልጥ ይሆናል፤ ጉዳቱ የሚበዛው በዙሪያው ነው። አስቀድሞ ከባድ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ይጠረጋል፤ ቀጥሎ መሣሪያው የሚቆምበት መደብ ተደልድሎ ይስተካከላል፤ ከዚያም የቁፋሮው ጭቃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ይቆፈራል፣ የነዳጅ በርሜልና የሠራተኛ ድንኳን ሥፍራ ይይዛል። ጭቃው ብዙውን ጊዜ ቤንቶናይት ከሚባል የሸክላ ዱቄትና ከውሃ የሚበጠበጥ ሲሆን፣ አገልግሎቱ መቆፈሪያውን ማቀዝቀዝ፣ የተፈጨውን ድንጋይ ወደ ላይ ማውጣትና የጉድጓዱ ግድግዳ እንዳይናድ መደገፍ ነው። በጥንቃቄ ካልተያዘ ግን ከነዳጅና ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ፣ ክረምት ሲመጣ ከገንዳው ሞልቶ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ይወርዳል።

ከጉዳቱ ሁሉ ሥር የሰደደው ግን ለዓይን ብዙም የማይታየው የላይኛው አፈር መጥፋት ነው። ጥቁሩ፣ ሥርና ዘር የተቀላቀለበት የላይ አፈር ጥልቀቱ በደጋው ተዳፋት ብዙ ጊዜ ከአንድ ክንድ አያልፍም፤ የአገሩ ሣርና ቅጠል ሁሉ ዘሩን ያኖረው ግን በእርሱ ውስጥ ነው። ዶዘሩ ይህን አፈር ከሥር ካለው ቀይ አፈርና ከድንጋይ ጋር ቀላቅሎ ወደ ገደል ከገፋው፣ በኋላ ምንም ያህል ገንዘብ ቢፈስ ያንኑ አፈር መልሶ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ቆፋሪ ከሁሉ አስቀድሞ የላዩን አፈር ለብቻው ገፎ፣ ከጎርፍ መንገድ አርቆ፣ ዝቅ ባለ ክምር ያኖረዋል፤ ከፍ አድርጎ የቆለለው እንደሆነ አየር አጥቶ በውስጡ ያለው ሕይወት ይሞታልና። ሥራው ሲፈጸምም ጉድጓዱ በሲሚንቶ ይደፈናል፣ አፉ ይታሸጋል፣ የጭቃው ገንዳ ደርቆ ይሞላል፤ በመኪና ጎማ የጠነከረው መደብ በጥልቀት ይታረሳል፤ የላዩ አፈር በመጨረሻ ወደ ሥፍራው ተመልሶ የአገሩ ዘር ይዘራበታል። በሲሚንቶ ያልተደፈነ የጥልቅ ጉድጓድ ቱቦ ከላይ ያለውን ቆሻሻ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚያወርድ በር ነው፤ ክፍቱን የተተወ የጭቃ ገንዳም ለጥጃና ለዱር አውሬ ወጥመድ ይሆናል።

አቡነ ዮሴፍና በእርሱ ላይ የሚኖሩ ፍጥረታት

እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ በሜዳም በቆላም እውነት ነው፤ በደጋ ግን ነገሩ ይጠብቃል። ከላሊበላ ከተማ በላይ አሸተን ማርያምን አልፎ የሚወጣ ሰው፣ የገብሱን ማሳ ወደ ኋላ እየተወ፣ ቁመቱ ከ4,200 ሜትር ወደሚበልጠው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ይደርሳል። የተከዜ ምንጮች የሚነሡትም ከዚሁ ከላስታ ደጋ ነው። ከውርጩ ማዶ ዛፍ ሳስቶ፣ የአስታ ቁጥቋጦ፣ ጓሳ ሣርና ጅብራ ብቻ ይቀራሉ። ጅብራ ብዙ ዓመት ቀስ ብላ አድጋ፣ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ግንድ አቁማ፣ ዘሯን በትና የምትሞት ተክል ናት፤ ስለዚህ ሳታብብ የተቆረጠች እንደሆነ ለትውልዷ ያቆየችው ዘር የለም። በዚህ ከፍታ ሌሊት ውርጭ አፈሩን ያነሣዋል፣ ቀን ፀሐይ ያሟሟዋል፤ ሣር የለበሰው መሬት ይህን ይቋቋማል፤ የተራቆተው ግን በየሌሊቱ እየተነሣና እየፈረሰ ችግኝ እንዳይዝ ይከለክላል። በቆላ በሁለት ክረምት የሚድን ቁስል እዚህ ለረጅም ዘመን ሳይሽር ይኖራል።

በዚህ ተራራ ላይ በዓለም ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኙ ሁለት አራዊት ይኖራሉ። አንዱ ጭላዳ ነው፤ ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ ምግቡ ከሞላ ጎደል ሣር ብቻ የሆነ፣ ቀን በሜዳው ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር እየነጨ ሲግጥ የሚውል፣ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ሥር እየቆፈረ የሚበላ፣ ሲመሽ ግን ነብርና ጅብ ወደማይደርሱበት የገደል ጫፍ ወርዶ የሚያድር ነው። ሁለተኛው ቀይ ቀበሮ ነው። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፣ ድንበሩንም ከመንጋው ጋር ይጠብቃል፤ ለአደን ግን ብቻውን ይወጣል። የሚያድነውም አይጥና ፍልፈል ነው፤ በጓሳው መካከል እግሩን እያነሣ በጥንቃቄ ይራመዳል፣ ጆሮውን አቁሞ ከሣሩ ሥር የሚሰማውን ኮሽታ ያዳምጣል፣ ከዚያም ባንድ ጊዜ ዘሎ ይወርድበታል። በመላው ዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ፣ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይገኛሉ፤ የሰሜኖቹ ተራሮች ግን እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ብቻ ይዘዋል። እርሻ እየወጣ ደጋውን በከበበው ጊዜ፣ እነዚህ ጥቂቶች እርስ በርስ የማይገናኙ ደሴቶች ሆነዋል፤ በጎሽ ሜዳና በጉና ተራራ የነበሩትም ጠፍተዋል። ስለዚህ በአቡነ ዮሴፍ ያሉት ቀበሮዎች ቁጥራቸው ቢያንስም፣ የአንድ ተራራ ዕጣ ሁሉ በእነርሱ ላይ ነው።

ከመቆፈሪያው ይልቅ ውሻው

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ተራራ ላይ አንድ ቀን የመቆፈሪያ መሣሪያ ቢወጣ ምን ያስፈራል? ብዙ ሰው የሚመልሰው ጩኸቱንና ጭሱን ይሆናል። ጩኸቱ በርግጥ ቀላል አይደለም፤ ጭላዳው የሚያድርበት የገደል ጫፍ አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ቢጮህና መብራት ቢበራ መንጋው ማደሪያውን ትቶ ይሰደዳል። በኡጋንዳ የመርቺሰን ፏፏቴ ብሔራዊ ፓርክ ዘይት ሲፈለግ ተመራማሪዎች የተከታተሉት ጉዳይ ይህ ነበር፤ ዝሆኖች ቁፋሮው ካለበት ሥፍራ ይሸሹ እንደ ነበር ታዝበዋል። ይሁን እንጂ ጩኸት ሞተሩ ሲጠፋ ያበቃል። የቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት ግን ከሠራተኛው ሰፈር ጋር የሚመጣ፣ ሰፈሩም ከተነሣ በኋላ የሚቀር ነው፤ እርሱም ውሻ ነው።

የሠራተኛ ሰፈር ባለበት ወጥ ቤት አለ፤ ወጥ ቤት ባለበት ትርፍራፊ ይጣላል፤ ትርፍራፊ በተጣለበትም ውሻ ይሰበሰባል። ዘበኛው የሚያመጣው ውሻ፣ ከታችኛው መንደር ሽታውን ተከትሎ የሚወጣው ውሻ፣ ሠራተኛው በለመደው ርኅራኄ የሚመግበው ውሻ፣ ሁሉም የእብድ ውሻ በሽታና ሌሎች የውሻ ወረርሽኞችን ወደ ቀበሮው ያሻግራሉ። የዚህ ነገር ክብደት በባሌ ታይቷል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. በዌብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በደረሰበት ሥፍራ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። በባሌ ከነበሩት ብዛት አንጻር ተራራው ከዚያ ጥፋት ሊያገግም ቻለ፤ ቀበሮዎቹ በጣት በሚቆጠሩበት በላስታ ግን እንዲህ ያለ አንድ ወረርሽኝ ሁሉን ሊፈጽም ይችላል። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየመንደሩ ውሾችን የሚያስከትበው ስለዚህ ነው። በቁፋሮ ፈቃድ ላይ ሊጻፍ ከሚገባው ግዴታ ሁሉ እንግዲህ ርካሹና ታላቁ ይህ ነው፤ በሰፈሩ ውሻ እንዳይገባ፣ ትርፍራፊ በየቀኑ ተሰብስቦ ወደ ታች እንዲወርድ፣ በአካባቢው ያሉት የገበሬው ውሾችም ሥራው ሳይጀመር እንዲከተቡ።

ሁለተኛው የተሰወረ አደጋ የጊዜ አመራረጥ ነው። መቆፈሪያ የጫነ መኪና በክረምት ጭቃ ደጋ ሊወጣ ስለማይችል፣ ሥራው ሁልጊዜ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ መሬቱ ሲጠነክር ይታቀዳል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ግልገሎቿን በጉድጓድ የምትወልደውና የምታሳድገው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በዚሁ ወራት ነው። ለማሽኑ የሚመቸው ወቅት ለእናቲቱ የሚከፋው ወቅት መሆኑን ያላወቀ መሐንዲስ፣ ክፋት ሳያስብ የግልገሎቹን ጉድጓድ ደፍኖ ያልፋል። ሥራውን ወደ የካቲትና ወደ በልግ መባቻ ማዛወር፣ የመንጋዎቹን ጉድጓዶችም አስቀድሞ በካርታ መመዝገብ ይህን ያስቀራል።

ሦስተኛውም መንገዱ ነው። ለመቆፈሪያው የተጠረገው መንገድ ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ ካልፈረሰ፣ በእርሱ ላይ ከብት ይወጣል፣ ጓሳ ጭኖ የሚወርድ ይበዛል፣ ቀጥሎም ገብስ ዘሪ ከፍ እያለ ማሳውን ያስፋፋል። ከጉድጓድ ይልቅ መንገድ ተራራን እንደሚለውጥ በብዙ አገር ታይቷል፤ ስለዚህ የመንገዱ መዘጋት የጥገናው የመጀመሪያ ምዕራፍ እንጂ ተጨማሪ ነገር ሆኖ ሊታይ አይገባውም።

ሕግና ግዝት

ሕጉ አለ። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሕግ፣ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲመረመር ያዛል፤ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለ ፈቃዱ የነካውን ምድር እንዲጠግን ያስገድዳል፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ም አራዊቱን ይጠብቃል። ነገር ግን በመጽሐፍ የተጻፈ ሕግ በሥፍራው ጠባቂ ከሌለው በመዝገብ ቤት ይቀራል፤ መዲና ተቀምጦ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የጓሳውን ነገር እንደ እረኛው ሊያውቅ አይችልም።

አበው ግን ተራራን የሚጠብቁበት የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። በመንዝ የጓሳ ተራራ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት የሣሩና የግጦሹ ባለመብቶች በአለቃ ተመርተው፣ ተራራውን ለተከታታይ ዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲበቃ ብቻ በጋራ ውሳኔ እየከፈቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል፤ ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢላላም፣ ሕዝቡ ኋላ በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል። በላስታም ተመሳሳይ ኃይል ያለው ቤተ ክርስቲያን ናት። በአቡነ ዮሴፍ ተዳፋት በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከነጽድ ደኑ የቆየው ዛፉ ውጉዝ ሆኖ በመኖሩ ነው፤ ግዝት የጣሰ ሰው በጎረቤቱም በንስሐ አባቱም ፊት የሚጠየቅበት ነገር ነበረበትና። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ያደረጉት ጥናትና ሥራም ይህን ያስረዳል፤ በማሳ ላይ የተበተነውን ድንጋይ ሰብስቦ በደኑ ዙሪያ ካብ መካብ ብቻ፣ ከብቱን ከልክሎ ችግኝ ከወደቀ ዘር በራሱ እንዲበቅል አድርጓል፤ ገበሬውም ማሳው ከድንጋይ ጸድቶለታል።

የወሎ ሰው በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ከደረሰው ረኀብ በኋላ በየዓመቱ በበጋ እርከን እየሠራ፣ ተራቁቶ የነበረውን ተዳፋት ከከብት ከልክሎ ሲያገግም ያየ ሕዝብ ነው። የተከለለ ቦታ ምን ያህል ቶሎ ሣር እንደሚለብስ፣ የትኛው ዘር የትኛውን አፈር እንደሚወድ፣ የትኛው ሸንተረር ጎርፍ እንደሚያወርድ ከማንም ባለሙያ በተሻለ ያውቃል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አገር የተቆፈረን ምድር ለመጠገን ከሩቅ የሚመጣ ዕውቀት ይጠቅማል እንጂ መሠረቱ እዚሁ አለ።

ጥገና ምን ማለት እንዳልሆነ

በዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሊጠቀስ ይገባዋል፤ እርሱም በየተራቆተው መሬት ላይ ባሕር ዛፍ መትከልን ጥገና ብሎ መጥራት ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ማገዶና ምሰሶ ሆኖ ብዙ ጠቅሟል፤ ለዚህም ማንም ሊያመሰግነው ይገባል። በአቡነ ዮሴፍ ጓሳ ላይ ቢተከል ግን አይጡ የሚኖርበትን ሣር ያጠፋል፤ አይጡ ሲጠፋ ቀበሮው ይራባል። በቁጥር የተተከለ ችግኝ ለሪፖርት ያምራል፤ ቀይ ቀበሮ ግን ሪፖርት አይበላም። በዚህ ከፍታ ትክክለኛው መንገድ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የጓሳውን ሣር ከነሥሩና ከነአፈሩ በቁራጭ አንሥቶ፣ በጥላ ሥር እያጠጡ አቆይቶ፣ መደቡ ሲታረስ መልሶ መትከል ነው፤ ያልበቃውን ደግሞ ከአጠገቡ ተራራ በተሰበሰበ የአገሩ ዘር መሙላት፣ ከብት እንዳይገባም ቢያንስ ለጥቂት ክረምቶች መከልከል ነው። የጅብራ ዘርም እንዲሁ ከዚያው ተራራ ይሰበሰባል፤ ከሌላ ተራራ አይመጣም።

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ ገንዘብና ጠባቂ ነው። የጥገናው ወጪ ፍለጋው ከከሸፈ በኋላ ከኩባንያው የሚጠበቅ ከሆነ አይከፈልም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ለቀረው መሬት ገንዘብ አያወጣምና። ስለዚህ የጥገናው ሙሉ ወጪ መሣሪያው መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት በአደራ ተቀማጭ መሆን አለበት፤ ከሥራው በፊትም በሥፍራው ስንት ዓይነት ሣር፣ ስንት የቀበሮ ጉድጓድ፣ ስንት ምንጭ እንደነበረ ተቆጥሮ መጻፍ አለበት፤ ያልተመዘገበ ነገር ጠፋ ብሎ መክሰስ አይቻልምና። ጠባቂዎቹም ከዚያው ቀበሌ ቢመረጡ፣ ደመወዛቸውም ከዚያው ተቀማጭ ቢከፈል፣ ሥራው በከሸፈበት ዓመት እንኳን ጥበቃው አይቋረጥም።

ተቀማጩም ለኩባንያው የሚመለሰው ጉድጓዱ የተዘጋ ዕለት መሆን የለበትም። ሦስት ክረምት አልፎ፣ መደቡ ሣር ለብሶ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ምንጩ ጠርቶ መገኘቱን የቀበሌው ሽማግሌዎችና የደብሩ አገልጋዮች ከመንግሥቱ ባለሙያ ጋር በሥፍራው ተገኝተው ሲፈርሙ ብቻ ይመለስ። ሽማግሌዎቹና ካህናቱ ካልፈረሙ ገንዘቡ በዚያው ተራራ ላይ ሥራ ይሥራበት፤ ኩባንያው ዘይቱን ወይም ማዕድኑን ቢያጣም ላስታ መሬቷን ማጣት አይገባትምና።